ኦርኳ ከአዳማ ስትመጣ፦ በየከተማው ስለምንጋራቸው ሬሶች ጥያቄና መልስ

ላርፕ፣ ማለትም ልብስ ለብሶና ገጸ ባሕርይ ሆኖ በአካል የሚጫወቱት ጨዋታ፣ ቡድኖቹ በየከተማው ሲበዙ አንድ ራስ ምታት አብሮ መጣ። ከአዳማ የመጣ ኦርክ አራት ኪሎ ሲደርስ እኛ የማናውቀው ባህልና የማናውቀው ንጉሥ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የሬሶቹን ታሪክ በጋራ ለመጻፍ ተስማማን። ከጅምሩ የአዲስ አበባውን ቡድን የሚያጫውቱት ጋሼ ጥያቄ ሊመልሱ ፈቃደኛ ሆነዋል። ሬስ ስንል ኤልፍ፣ ድዋርፍ፣ ኦርክ የሚባሉትን የተረት ፍጡራን ዘር ማለታችን ነው። ድሮ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ይሞላ የነበረው ነገር ውስጥ የለንበትም። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጽፈናል።

ከካዛንቺስ፦ ጋሼ፣ የጋራ ታሪክ ለምን አስፈለገ? እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ቢጽፍ ምን ይጎድላል?

ጋሼ፦ እንግዳ ካልመጣባችሁ ምንም አይጎድልም። ግን ሰው ይጓዛል። ይሄ ደግሞ በእኛ የተጀመረ ነገር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በ1982 እ.ኤ.አ. በፔክፎርተን ግንብ ትሬዠር ትራፕ የሚባለው ላርፕ ሲጀመር ይሄ ጣጣ አልነበረበትም። አንድ ግንብ፣ አንድ ቡድን ነዋ። አሜሪካ ውስጥ ግን ኔሮ የሚባለው የላርፕ ድርጅት በ1980ዎቹ መጨረሻ ማሳቹሴትስ ላይ ተነስቶ ቻፕተር በቻፕተር፣ በየቦታው ቅርንጫፍ እየከፈተ ተስፋፋ። የሕጉ መጽሐፍ አንድ፣ ቻፕተሩ ብዙ፣ ካራክተሩ ተጓዥ። እኛም አሁን እዚያው ላይ ደርሰናል።

ስለዚህ የጋራ ገጽ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ግን። መጽሐፍ አላልኩም።

ከፒያሳ፦ ታዲያ አንድ ገጽ ላይ ምን ይገባል?

ጋሼ፦ አሁን ደህና ጥያቄ መጣ። የትም ከተማ ብትሆን በአካል ልታደርገው የምትችለው ነገር ይገባል። ኦርክ ሰላምታ የሚሰጠው እንዴት ነው? ምን አይበላም? ሲሞትበት ምን ያደርጋል? በምን ይምላል? ልጁን ማን ብሎ ይጠራል? ገና ከሩቅ ስታየው የሚያስለየው ምንድን ነው፣ ጆሮው ነው፣ ጥርሱ ነው፣ ጢሙ ነው? እዚያ ላይ አቁም። የንጉሡ ስም፣ የጦርነቱ ዘመን፣ የተቃጠለው ጫካ የየቡድኑ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። አንዱ ቡድን ዛሬ ማታ ያቺን መስመር ቢቀይራት የሌላው ቡድን ጨዋታ ይበላሻል? የሚበላሽ ከሆነ ሰርዛት። «የኦርኮች ንግሥት ተራራው ላይ ትኖራለች» ብለህ ጻፍ እስቲ። ቅዳሜ ሀዋሳ ላይ ይገድሏታል። እሁድ አዲስ አበባ ላይ ግብር ታበላለች። ማን ያስታርቃቸው?

የኦርክ ገጻችን ላይ «ሐዘን ያለበት ኦርክ ሦስት ቀን ጨው አይቀምስም» የሚል መስመር አለ። አራት ኪሎ አካባቢ አዳራሽ ተከራይተን ስንጫወት ከአዳማ አንዲት ልጅ መጣች። ከኛ ልጆች የሚያውቃት የለም። ድግሱ ላይ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። አፏ ድረስ አደረሰችና መለሰችው። «ጨው አለው?» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። የኛ ኦርኮች አንድ በአንድ መጥረቢያቸውን መሬት አስቀመጡ። አንዱ ሄዶ ከፊቷ ያለውን ሳህን አነሳና ውሃ ብቻ ይዞላት መጣ። ማን ሞተብሽ ብሎ የጠየቀ የለም። ኤልፎቹ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ግራ መጋባትም ነበረባቸው፣ የእነሱ ገጽ ላይ የለማ። ይሄን ሁሉ የሠራችው አንዲት መስመር ናት። አሥር ገጽ የነገሥታት ዝርዝር አይሠራውም።

ከልደታ፦ እንጀራው አንድ፣ ወጡ የየቤቱ ማለት ነው ጋሼ?

ጋሼ፦ የምግብ ምሳሌ ይቅርብኝ። ግን አዎ።

ከሜክሲኮ፦ የኔ ካራክተር የድዋርፎች ንጉሥ የበኩር ልጅ ነው። አባቱ በሴራ ተገድሎ እሱ ተሰዶ ነው። የጋራው ገጽ ላይ ይግባልኝ?

ጋሼ፦ አይገባም። ንጉሡ ራሱ ገጹ ላይ የለም፣ ልጁ ከየት ይመጣል? ያንተ ታሪክ ያንተ ነው፣ ለአጫዋቾችህ አሳያቸው። ሌላ ከተማ ስትሄድ ደግሞ ከመሄድህ በፊት ታሪክህን ለዚያ ቡድን አጫዋቾች ላክ። እዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል የእነሱ ነው። አንተን ተራ ድዋርፍ ካሉህ ተራ ድዋርፍ ነህ። በነገራችን ላይ በሴራ የተገደለ አባት ያለው ድዋርፍ ሞልቶናል። አባቱ በሰላም ጡረታ የወጣ አንድ ብታመጡልኝ ደስ ይለኛል።

ከስታዲየም፦ ስንት የማጂክ ፖይንት ይዞ መሄድ ይቻላል?

ጋሼ፦ የሕግ ጥያቄ ነው። ማርሻሎቹን፣ የጨዋታ ዳኞቹን ጠይቅ።

ከስድስት ኪሎ፦ ጋሼ ጥሩ ሬስ የቱ ነው?

ጋሼ፦ ለምኑ?

ከስድስት ኪሎ፦ ለመጫወት።

ጋሼ፦ ቀጣይ።

ከለገሃር፦ ኤልፍና ኦርክ የፈረንጅ ናቸው። የራሳችንን ለምን አንጨምርም? እኔ አንድ ሬስ ጽፌያለሁ። ቀን አንጥረኞች ናቸው፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው በዓይናቸው ይበላሉ። ለሁሉም ከተማ ይሆናል።

ጋሼ፦ የራሳችን ይኑረን ማለትህን እደግፋለሁ። ይሄን ሬስ ግን አልቀበልም። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

የጻፍከው ቡዳን ነው። ቡዳ እንዲያው ተረት ቢሆን ኖሮ ምን ገዶኝ። ስሙ ግን ሁልጊዜ ሰው ላይ ነው የሚለጠፈው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው ነው ቡዳ ሲባል የኖረው። ቤተ እስራኤልም አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ በዚሁ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። የሰፈር ልጅ በታመመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ እነሱ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ቀረ? አልቀረም። «የሰውዬው ዓይን ጥሩ አይደለም» የሚል ሰው ዛሬም መሐል ከተማ ታገኛለህ።

እሺ፣ ገጹ ላይ ገባ እንበል። አንተ እዚህ ለገሃር ሆነህ ተጠንቅቀህ ትጫወተው ይሆናል። ገጹ ግን ያላንተ ነው የሚጓዘው። ሌላ ከተማ ያለ፣ አንተን አይቶህ የማያውቅ ጎረምሳ ያነበዋል። «አንጥረኛ ሰው ይበላል» የምትለዋን ብቻ ይዞ ሜዳ ይገባል። አያቷ ሸክላ ሠሪ የነበሩ ልጅ እዚያው ፊት ለፊቱ ቆማለች። ያን ጊዜ አጠገቡ ሆነህ «እንዲህ ማለቴ አልነበረም» ልትል አትችልም። የጋራ ገጽ ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ የጻፈው ሰው በሌለበት ነው የሚነበበው። ይህቺን ያዙልኝ፣ ከማጂክ ፖይንቱ ይልቅ ይህቺን ያዙልኝ።

ውጭም ደርሶባቸዋል። ዲ ኤንድ ዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ) በሚባለው ጠረጴዛ ላይ በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ ቪስታኒ የሚባሉ ተጓዦች አሉ። ሮማ በሚባለው፣ ጂፕሲ ሲሉት በኖሩት ሕዝብ ላይ ሲለጠፍ የኖረውን ስካሩንም፣ እርግማኑንም ሁሉ ተሸክመው ቆዩ። አሳታሚው በ2020 እ.ኤ.አ. ይታረማል አለ። በ2024 በወጣው መጽሐፍ ደግሞ ሬስ የሚለውን ትቶ ስፒሺስ (ዝርያ) አለው። ስም መቀየሩ ቀላሉ ነው፣ ሥራው ውስጡ ነው ያለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጅቡን ውሰድ፣ አንጥረኛውን ተው። ጅብ ብቻውን ምን አነሰው? ሐረር ላይ የጀጎል ግንብ ለጅብ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ አለው። በዓሹራ ገንፎ ይቀርብለታል፣ አበላሉ ታይቶ መጪው ዓመት ይተነበያል። የሐረርን ሰው ቅዳ አላልኩህም። ከተማ ከጅብ ጋር ውል ቢኖረው ምን ይመስላል ብለህ ጠይቅ። ማታ ማታ ብቻ በር የሚያልፉ፣ ድርሻቸው ካልቀረበ ከተማው እንቅልፍ የማያገኝ። ሙያ አትስጣቸው፣ የማንንም አያት አታስገባበት። ጽፈህ አምጣ፣ እኔ ራሴ አነብልሃለሁ።

ከመርካቶ፦ ይቅርታ ጋሼ። የኔ አያት ጠይብ ነበሩ። ስድቡን ራሴ ልጫወትበት ብፈልግስ? ለእኛ ጠባቂ ያደረግዎት ማነው?

ከለገሃር፦ ይኸው!

ከአራት ኪሎ፦ አንተ ደግሞ ምን ይኸው ትላለህ? ያንተ አያት አይደሉ።

ከለገሃር፦ የኔ አያት ማን እንደሆኑ በምን አወቅክ?

ከአራት ኪሎ፦ አላወቅኩም። አንተም ብትሆን ሬሱን ስትጽፍ አላነሳሃቸውም።

ከልደታ፦ ኧረ ጋሼ ይመልሱበት፣ እናንተ ደግሞ።

ጋሼ፦ የመርካቶው እውነቱን ነው። ጠባቂ ያደረገኝ የለም። በራስህ ካራክተር፣ በራስህ ቡድን፣ ከአጫዋቾችህ ጋር ተነጋግረህ ተጫወተው። እኔም መጥቼ አያለሁ። የጋራ ገጽ ላይ ስታሰፍረው ግን ለማታውቀው ሰው እየሰጠኸው ነው። አንተ አያትህን እያሰብክ የምትጫወተውን እሱ ሊስቅበት ይጫወተዋል።

ከመርካቶ፦ በግማሹ ተስማምቻለሁ።

ጋሼ፦ ግማሹ ይበቃኛል።

ከአምባሳደር፦ ኤልፍ ልሆን ነው። ፊቴን ነጭ ልቀባ እንዴ? ፎቶዎቹ ላይ ሁሉም ነጭ ናቸው።

ጋሼ፦ እንዳትቀቢ። ጆሮው ይበቃል። ኤልፍ ጠይም አይሆንም ያለሽ ማነው? ውጭ ያሉ አንዳንድ ቡድኖችም ለጨለማ ኤልፍ ፊት ጥቁር መቀባትን ትተው ወደ ሐምራዊና ግራጫ ሄደዋል። ለምን እንደተዉት ማስረዳት አያስፈልገኝም። የኛ ገጽ ላይ ስለ ቆዳ ቀለም የሚል ቦታ የለም። አይኖርምም።

ከፒያሳ፦ ጆሮው የት ይገኛል?

ከልደታ፦ መርካቶ ስፖንጅ ገዝተህ ቅረጸው።

ከስታዲየም፦ ስፖንጅ በላብ ይበሰብሳል። ላቴክስ ነው የሚያዋጣው።

ከልደታ፦ የላቴክስ ዋጋ ጠይቀህ ታውቃለህ?

ከስታዲየም፦ ጆሮ እኮ ነው፣ ፍራሽ አይደለም። ስንት ይፈጃል?

ከሜክሲኮ፦ ስፖንጅ ካነሳችሁ አይቀር፣ አንድ መናፈሻ በር ላይ ጥበቃው የስፖንጅ ሰይፌን ይዞ አላሳልፍም አለኝ። ጎንበስ ብሎ አሸተተው ሁሉ።

ጋሼ፦ ጆሮ በሌላ ቀን። ሰይፍ በማዳበሪያ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ አስፋልት ላይ አትምዘዙ። ወደ ጉዳያችን።

ከካዛንቺስ፦ ሌላ ከተማ ስሄድ የኤልፎቹ ጫካ ተቃጥሏል ይላሉ። እኛ ጋ አልተቃጠለም። እውነቱ የቱ ነው?

ጋሼ፦ እዚያ እያለህ ተቃጥሏል። ስትመለስ «ተቃጥሏል ይላሉ» በል። ወሬ ከተማ አቋርጦ ሲመጣ እንዳለ ይመጣል? ያንተ ኤልፍ ጫካው አሁንም አረንጓዴ ነው ብሎ ሲምል፣ የእነሱ ኤልፍ አመዱን በኪሱ ይዞ ያሳየው። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ያመሻሉ። ይሄ ጨዋታ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም። ለማስታረቅ ብላችሁ የጋራ ገጽ ላይ እንዳትጽፉት ብቻ። ከመሄድህ በፊት ደግሞ ታሪክህን ለአጫዋቾቻቸው ላክ። ከላይም ብዬዋለሁ።

ከስድስት ኪሎ፦ ሆቢት መሆን ይቻላል?

ጋሼ፦ ሆቢት የቶልኪን መጽሐፍ ውስጥ ያለው አጭር ሰው ነው፣ ስሙ ባለቤት አለው። ዲ ኤንድ ዲም በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሆቢት ብሎ ነበር። ባለመብቶቹ ሲመጡበት ሃፍሊንግ አለው። አጭር ሰው ሁን፣ ስም አውጣለት።

ከአራት ኪሎ፦ ገጹን የሚቀይረው ማነው? እርስዎ ብቻዎን ነዎት?

ጋሼ፦ ኧረ በጭራሽ። ከየቡድኑ አንድ ሰው ይወከል። መጨመር ከባድ ይሁን፣ መሰረዝ ቀላል። አዲስ መስመር እንዲገባ ሁሉም ቡድን ይስማማ። እንዲወጣ ግን አንዱ ቡድን «ይህቺ እኔ ጋ ሰው ታስቀይማለች» ካለ በቂ ነው። ምክንያቱን በሰው ፊት እንዲያስረዳ አላስገድድም።

ከሜክሲኮ፦ እንዲህ ከሆነ አንድ ነገረኛ ቡድን ሁሉንም ይሰርዝብናል እኮ።

ጋሼ፦ ይሰርዝ። ጥርስና ጆሮ ይቀርልናል፣ በዚያ እንጫወታለን።

ከልደታ፦ የጨውን መስመር ግን እንዳይነኩብን።

ጋሼ፦ የጨውን መስመር የሚነካ ከኔ ጋር ነው።

ከሀዋሳ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ቅዳሜ አዲስ አበባ ነኝ። ኦርኬን ይዤ ልምጣ?

ጋሼ፦ ታሪክህን ልከሃል?

ከሀዋሳ፦ ለማን?

ጋሼ፦ ለዛሬ በቃኝ ልጆች። አራት ኪሎ፣ አንተ ንገረው።