ለረጅም ሩጫ ቫይታሚን ልዋጥ ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። 100 ኪሎ ሜትር መሮጥ ኦክሲደቲቭ ስትረስ (ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሴል የሚጎዱ ሞለኪውሎች ከሰውነት መከላከያ በላይ መብዛት) ያመጣል ወይ፣ ቫይታሚን ሲ ልዋጥበት ወይ ብለሃል። አዎ፣ ያመጣል። ጡንቻ ለሰዓታት ሲሠራ ፍሪ ራዲካል በብዛት ይፈጠራል፤ የሴሎችን ቅባትና ፕሮቲን ያጠቃል። ቁልቁለት ካለበት ይብሳል። የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትህን ስለሚሸከም ይጎዳል፤ ጉዳቱን ሊያጸዱ የሚመጡት ነጭ የደም ሴሎችም በተራቸው ሌላ ፍሪ ራዲካል ይለቃሉ። ግን አትደንግጥ። በልምምድ ሰውነት የራሱን መከላከያ ኢንዛይሞች ያበዛል፤ የሚቀሰቅሰውም ያው ፍሪ ራዲካሉ ነው።

የቫይታሚን እንክብሉ ግን ይህን ቀስቃሽ ፍሪ ራዲካል ሊያጠፋው ስለሚችል እኔ አልመክርህም። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ የጀርመን ጥናት፣ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር የወሰዱ ወጣቶች ስፖርቱ ለኢንሱሊን አሠራር የሚሰጠው ጥቅም ቀርቶባቸዋል። ብርህን ለብርቱካንና ለጎመን አውለው። ከሩጫው በኋላ ሽንትህ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ቀጥታ ሐኪም ቤት ሂድ።