ማማሰያዬ ለምን ተሰነጠቀ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ስለምውል በእጄ የሆነ ነገር መሥራት አማረኝ። ከጣውላ ቤት ቁራጭ ገዝቼ ማንኪያ ልጠርብ ብል ቢላዋው አልበላ አለኝ። «እርጥብ እንጨት ነው የሚጠረበው» ሲሉኝ ከተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ማማሰያ ሠራሁ። እንደ ቅቤ ተቆረጠልኝ። ቶሎ እንዲደርቅ መስኮት ላይ ፀሐይ አስመታሁት። በሦስተኛው ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። ምን አጠፋሁ? ምን መሣሪያስ ልግዛ?

መልስ፦ ልጄ፣ ያጠፋሽውን ሁሉ እኔ ቀድሜሽ አጥፍቼዋለሁ።

እርጥቡን መጥረብሽ ልክ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ቺልተርን በሚባሉት ኮረብታዎች፣ የወንበር እግር የሚሠሩ ሰዎች ጫካው ውስጥ ሆነው ውሃው ያልወጣለትን እንጨት ነበር የሚጠርቡት። ውሃ የጠገበ እንጨት ለስላሳ ነው። የሚጠነክረው ሲደርቅ ነው።

ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፤ ጣጣው እዚያ ላይ ነው። ዙሪያውን የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ግድም ነው። ስለዚህ ድቡልቡል ቅርንጫፍ መሃሉ ላይ ያለችውን ልብ እንደያዘ ከደረቀ አንድ ቦታ መፈንዳቱ አይቀርም። አንቺ ቅርንጫፉን እንዳለ ነው የጠረብሽው መሰለኝ። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ለሁለት ፍለጪው፤ ከዚያ ልቡን ጠርበሽ ጣይ። በመጋዝ አትሰንጥቂው። ሲፈለጥ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይሄዳል፤ መጋዝ ጅማቱን ይበጥስና እጀታው ሙቅ ስታማስይ ቀንጠስ ይላል።

ባሕር ዛፍ ደግሞ አመለኛ ነው። ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለአጣና ይሁን። ለመጀመሪያ ጃካራንዳ ወይም ዋንዛ ፈልጊ። የመንገድ ዛፍ እንዳትነኪ! ክረምት ላይ ንፋስ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ግቢ ያላቸውን ሰዎች ጠይቂ፣ «ውሰጂልን» ነው የሚሉሽ።

መሣሪያ ሦስት ይበቃሻል፦ ትንሽ መጥረቢያ፣ አጭር ቢላዋ፣ ጫፉ እንደ ማጭድ የጎበጠ መፈልፈያ። እኔ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ወርጄ ከአሮጌ ባሌስትራ የተቀጠቀጠ መጥረቢያ ገዛሁ። ዛቢያው ረዝሞብኝ በመጋዝ አሳጠርኩት። አንድ ኪሎ ከሚመዝን በላይ አትግዢ፣ ክንድሽ ይዝላል። መፈልፈያውን ቀጥቃጩ ከአሮጌ ሞረድ አጎበጠልኝ። ካጎበጠ በኋላ እንደገና አግሎ ዘይት ውስጥ ካልነከረው ስለቱ አይቆይም፤ የመጀመሪያዬ በሳምንቱ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ።

ከሁሉ የሚበልጠው ስለቱ ነው። ቢላዋው አልበላ ያለሽ እንጨቱ ስለደረቀ ብቻ አይመስለኝም። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 400 መስታወት ላይ ዘርግተሽ በውሃ እያራስሽ ሳይው፤ ቀጥለሽ በ1000። መጨረሻ ላይ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትሽ አለስልሺው። የክንድሽን ፀጉር ከላጨ ደርሷል። የደነዘ ቢላዋ ነው እጅ የሚቆርጠው፤ ስለሚያስገፋሽ። የግራ አውራ ጣቴ ምስክር ነው።

ስትጠርቢ ጉቶ ላይ አድርጊው፤ ከጉቶው ሥር የጎማ ቁራጭ አንጥፊ፣ ያለበለዚያ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ይመጡብሻል። እንጨቱን የያዘው እጅሽ ምንጊዜም ምላጩ ከሚያርፍበት በላይ ይሁን።

ማድረቁ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ቀን ተቀምጠሽ ጎድጓዳውን ወደ ጣት ውፍረት አሳሺው፤ ወፍራሙ ነው የሚፈነዳው። ከዚያ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር በጋዜጣ ጠቅልለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ክተቺው። ፌስታል ውስጥ አትተዪው፣ ይሻግታል። የአዲስ አበባ የበጋ አየር ደረቅ ነው፣ መስኮትሽ ደግሞ ፀሐይ አለው፤ ያንቺ ማማሰያ ከውጭ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ቀረ። እኔ የማማሰያዬን ክብደት ፒያሳ ወርቅ ቤት ባለው ወዳጄ ሚዛን ነበር የምከታተለው። «የስንት ካራት ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። በሳምንት ልዩነት ግራሙ መቀነሱን ካቆመ ደርቋል ማለት ነው። ያኔ ስስ ቆዳ ገፍፈሽ የተልባ ዘይት ቀቢው፤ የተልባ ዘይት እንጨቱ ላይ ይደርቃል።

እጅሽ ሲፈታ ወይራ ሞክሪ። ጠንካራ ነው፣ ያታግልሻል። ፍቅፋቂውን ግን እንዳትጥዪ። የእኔን ፍቅፋቂ ጎረቤቴ እትዬ የጠላ ጋን ልታጥንበት ትወስደዋለች፤ በለውጡ ጠላ ትልክልኛለች።