ሆርሙዝ ቢዘጋ ምን ይውጠናል? ጥያቄና መልስ ከካፒቴን ጋር

ሰኔ 15 ቀን 2017፣ እሁድ ማታ። እስራኤልና ኢራን እየተዋጉ ነው። አሜሪካም ሌሊት የኢራንን የኒውክሌር ግቢዎች ፎርዶን፣ ናታንዝንና ኢስፋሃንን ደብድባለች። የኢራን ፓርላማ ደግሞ የባህረ ሰላጤው ነዳጅ የሚወጣበት የባህር በር፣ የሆርሙዝ ሰርጥ፣ ይዘጋ ብሏል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆኖ ስለሰነበተ ካፒቴንን ለመንናቸው፣ እሺ አሉ። ካፒቴን ቅጽል ስማቸው ነው። ለዓመታት መርከብ ላይ ሠርተው፣ ኋላ ጅቡቲ በትራንዚት ሥራ የቆዩ ሰው ናቸው።

ካፒቴን፦ እንደምን አመሻችሁ። እኔ የማውቀው መርከብ፣ ጭነትና ኢንሹራንስ ነው። ጄኔራልም ነቢይም አይደለሁም። ሌላው፣ እባካችሁ ቤንዚን በጄሪካን ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ቀጥሉ።

ከአዳማ፦ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ ማለት ነው?

ካፒቴን፦ አላውቅም። ቀጣይ።

ከመርካቶ፦ ካፒቴን፣ እውነት ሊዘጉት ይችላሉ? ከዘጉትስ ነዳጅ ይጠፋል?

ካፒቴን፦ የፓርላማው ድምፅ የመጨረሻ አይደለም። ወሳኙ የብሔራዊ ደህንነት ምክር ቤታቸው ነው። ቦታውን ላሳይህ። ሰርጡ በጠባቡ በኩል 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቅ መርከብ የሚሄድበት መስመር ግን በየአቅጣጫው 3 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። በዚያች በቀን 20 ሚሊዮን በርሜል አካባቢ ነዳጅ ያልፋል፣ ዓለም ከሚጠቀመው አንድ አምስተኛው። የኳታር ጋዝም በዚያው ነው የሚወጣው። ሳዑዲ ወደ ያንቡ፣ ኤሚሬትስ ወደ ፉጃይራ የዘረጉት ቧንቧ አላቸው፣ ግን ሁሉንም አይችልም። ከኩዌት ለሚጫን ግን ሌላ በር የለም።

ታሪኩን ደግሞ ስማ። ኢራንና ኢራቅ ሲዋጉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1988 ድረስ አንዱ የሌላውን ነዳጅ ጫኝ ሲመታ ከ400 በላይ መርከቦች ተጠቅተዋል። ፈንጂ ባህር ውስጥ ተቀብሯል። መስመሩ ግን አልተቋረጠም። ስለዚህ እኔ «ዘጉት አልዘጉት» የሚለው ብዙም አያስጨንቀኝም። ሰርጡን ለመዝጋት ሰንሰለት መዘርጋት አያስፈልግም። የለንደን ኢንሹራንስ ሰዎች ከፈሩ በቂ ነው።

ከመርካቶ፦ እንዴት?

ካፒቴን፦ ጥሩ፣ እዚህ ላይ ነው ማንም የማይጠይቀው። መርከብ በደህና ጊዜ ኢንሹራንስ አለው። አደገኛ ተብሎ የተመዘገበ ባህር ውስጥ ሲገባ ግን የጦርነት ተጨማሪ ይከፍላል፣ እሱም በአብዛኛው ለ7 ቀን ብቻ። ቀይ ባህር ላይ የየመን ሁቲዎች መተኮስ ሲጀምሩ ያ ተጨማሪ ከመርከቡ ዋጋ ከ0.1 በመቶ በታች የነበረው ወደ 1 በመቶ ተጠግቶ ነበር። 50 ሚሊዮን ዶላር የምታወጣ መርከብ ውሰድ። 0.7 በመቶ ሲባልባት 350,000 ዶላር ነው። ለአንድ ሳምንት! ያንን ማን ይከፍላል? ባለመርከቡ ከኪሱ የሚያወጣ መሰለህ? ኪራዩ ላይ ይጭነዋል፣ አስመጪው ዕቃው ላይ ይጭነዋል፣ አንተም ሱቅህ ውስጥ ትጭነዋለህ። ሚሳኤሉ ቴህራን ወድቆ ዘይቱ መርካቶ የሚወደደው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ አስመጪዎች፣ የኢንሹራንስ ፖሊሲያችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። መደበኛው የጭነት ኢንሹራንስ ውል ጦርነትን አያካትትም። የጦርነት አንቀጽ ለብቻው ተጨምሮ መገዛት አለበት። እሱም የሚሸፍነው ዕቃው መርከብ ላይ እያለ ነው።

ከሐዋሳ፦ ሆርሙዝ ከተዘጋ ነዳጅ ይጠፋል ወይ?

ካፒቴን፦ አሁን የጻፍኩት ስለ ምን ነበር? ከላይ አንብብ።

ከጎንደር፦ ይሄ ሁሉ አሰብን በማጣታችን ነው። አሰብ ቢኖረን ማን ይነካን ነበር?

ከዋሽንግተን፦ አሰብ ሲኖረን ሀብታም ነበርን እንዴ? ሁሉ ነገር ላይ አሰብ።

ከጎንደር፦ አንተ ሱፐርማርኬት አጠገብ ተቀምጠህ ምን ይጠፋሃል! የጅቡቲን የወደብ ክፍያ የምንከፍለው እኛ ነን።

ከዋሽንግተን፦ ቤተሰቤን የምደጉመው እኔ አይደለሁም? የጤፍ ዋጋ ከአንተ እኩል ነው የሚያመኝ።

ካፒቴን፦ በቃ። የወደብ ክርክሩን ሌላ ቀን አድርጉት፣ እኔም የምለው አለኝ። አሁን ግን ካርታ ክፈቱ። ጅቡቲ ከቀይ ባህር ደቡባዊ በር፣ ከባብ ኤል መንደብ፣ በስተደቡብ ነው፣ አሰብ በስተሰሜን። ከቻይና፣ ከህንድ፣ ከባህረ ሰላጤው ወደ ጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ባብ ኤል መንደብን አያልፍም። ወደ አሰብ ቢሆን ያልፋል። ለአውሮፓ ዕቃ ደግሞ ግልባጩ ነው። ሆርሙዝ ከተዘጋ ግን ለሁለቱም ያው ነው። ቀጣይ።

ከቦሌ፦ ከቻይና ያስጫንኩት ዕቃ መንገድ ላይ ነው። ሆርሙዝ አይነካውም ማለት ነው?

ካፒቴን፦ ተባረክ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። በቀጥታ ጅቡቲ ከሆነ አይነካውም። ግን ቢል ኦፍ ሎዲንጉን፣ የጭነት ሰነዱን፣ አውጣና ዕቃው በመንገድ የሚገለበጥበትን ወደብ እይ። ጀበል ዓሊ፣ የዱባይ ወደብ፣ የሚል ካለበት ዕቃህ ሰርጡን ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ ሲገባም ሲወጣም። ዱባይ ከባህረ ሰላጤው ውስጥ መሆኗን ብዙ አስመጪ ይረሳዋል። የመርከብ ወኪሉን ነገ ጠዋት ጠይቅ፤ በኮሎምቦ ወይ በሰላላ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል። የጦርነት አንቀጽ አለህ?

ከቦሌ፦ አላየሁትም።

ካፒቴን፦ እይዋ!

ከባህር ዳር፦ ልጄ ባህረኛ ነው፣ በውጭ መርከብ። ሦስት ቀን ስልኩ አልሠራም። ካርታ ላይ መርከቡን ጎረቤት አይታ በረሃ ላይ ቆሟል አለችኝ። ተያዘ ይሆን እንዴ ወንድሜ?

ካፒቴን፦ እማማ፣ አይዞዎት። ሰሞኑን እዚያ ባህር ላይ ጂፒኤስ እየታወከ ነው። መርከቡ ውሃ ላይ እየሄደ ካርታው የብስ ላይ ያሳየዋል። በዚያ ሳቢያ ብዙ መርከብ ተደናግሯል። ሰኔ 10 ከኤሚሬትስ ወደብ ከኮር ፈካን ባሻገር ሁለት ነዳጅ ጫኞች ተጋጭተውም ነበር። መሃል ባህር ደግሞ ስልክ አይሠራም፣ ሦስት ቀን ምንም ማለት አይደለም። እኛ በነበርንበት ጊዜ ወር ሙሉ ድምፃችን አይሰማም ነበር፣ እናቶቻችን በቴሌግራም ሳይሆን በጸሎት ነበር የሚከታተሉን። ልጅዎን የቀጠረው ወኪል ቢሮ ይሂዱ፣ መርከቡ የት እንዳለ ለቤተሰብ ይናገራሉ። ሲደውል ደግሞ ውሉን እንዲያነብ ይንገሩት። ብዙ ውሎች ላይ፣ ቦታው የጦርነት ቀጣና ተብሎ ከተመደበ «አልሄድም» ብሎ በኩባንያው ወጪ የመመለስ መብት አለ። ካርታውን ግን ይተዉት።

ከባህር ዳር፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ከጅማ፦ የተመታው የኒውክሌር ጨረር ወደኛ ይመጣል?

ካፒቴን፦ ሙያዬ አይደለም። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኤጀንሲ ዛሬ ከግቢዎቹ ውጭ የጨረር መጨመር አልታየም ብሏል። ከቲክቶክ እሱን እመን።

ከደብረ ብርሃን፦ ይህ ጎግና ማጎግ አይደለም?

ካፒቴን፦ ለመምህራን።

ከነታኒያ፣ እስራኤል፦ ስለ ዘይት ስታወሩ ይገርመኛል። እኔ ከሚክላት፣ ከቦምብ መጠለያ፣ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ስልኩ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ሳይረኑ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። እናቴን ደረጃ ለማውረድ እንኳ አይበቃም። አሁን ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው።

ከአዳማ፦ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ግን መጀመሪያ የመታችው እስራኤል ናት።

ከነታኒያ፦ እናቴ ናት የመታችው?

ከዋሽንግተን፦ የቴህራን እናቶችም ደረጃ ይወርዳሉ።

ከነታኒያ፦ አውቃለሁ። አልተከራከርኩም።

ካፒቴን፦ እህቴ፣ ከታች እደሩ፣ አትመላለሱ። ሌሎቻችሁ ተዉአት። የነዳጅ ጥያቄ ያለው?

ከሻሸመኔ፦ ማዳበሪያስ?

ካፒቴን፦ ለዘንድሮው መኸር የሚሆነው ይብዛም ይነስ ገብቷል፣ የሰኔ ዘር ሆርሙዝን አይጠብቅም። የሚያሳስበው የመጪው ዓመት ግዢ ነው። ዩሪያ ከጋዝ ነው የሚሠራው። እስራኤል የጋዝ ማውጫዋን ስትዘጋ የግብጽ ዩሪያ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። ኢራንና ባህረ ሰላጤውም ትልቅ ሻጭ ናቸው። ጨረታው ሲወጣ ዋጋው ያስታውቃል።

ሰኞ ማታ፣ ሰኔ 16

ከዶሃ፦ ካፒቴን! አሁን ሰማዩ ላይ እሳት ነበር። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ማዳም ልጆቹን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ እኔም አብሬ። አየር ክልሉ ተዘግቷል ይላሉ። አገሬ ልግባ?

ካፒቴን፦ እህቴ፣ ከመስኮት ራቂ። ኢራን የተኮሰችው የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር አል ኡደይድ ላይ ነው። ልግባ ላልሽው እኔ አልወስንልሽም። ግን ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው? አሠሪሽ ጋ ከሆነ ዛሬውኑ በትህትና ጠይቂ። የኤምባሲውን ስልክ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ስልክሽ ላይ ብቻ አይሁን።

ከዶሃ፦ እሷ ጋ ነው። ነገ እጠይቃለሁ።

ከመርካቶ፦ ጦር ሰፈር ተመትቶ የነዳጅ ዋጋ ወረደ የሚሉት ምንድን ነው? ቀልድ ነው?

ካፒቴን፦ ቀልድ አይደለም። ብሬንት፣ የዓለም ገበያ መለኪያ የሆነው ድፍድፍ ነዳጅ፣ ዓርብ በርሜሉ 77 ዶላር አካባቢ የነበረው ዛሬ ወደ 71 ወርዷል። ነጋዴው የጠበቀው ነዳጅ ጫኝ ይመታል ብሎ ነበር። ኢራን ጦር ሰፈር መታች፣ ሰርጡን አልነካችም። እሷም ነዳጇን የምትሸጠው በዚያው በር ነው። ግን ቶሎ አትደሰቱ፣ የኢንሹራንሱ ተጨማሪ እንደ ነዳጁ በአንድ ማታ አይወርድም። የኛ ማደያ ዋጋ ደግሞ በመንግሥት ክለሳ ነው የሚቀየረው፣ መውጣቱም መውረዱም ዘግይቶ ነው የሚደርሰን።

ከቦሌ፦ ካፒቴን፣ ፖሊሲዬን አየሁት። የጦርነት አንቀጽ የለበትም። ጀበል ዓሊም አለበት።

ካፒቴን፦ አላልኩም? መርከቡ ሳይነሳ መጨመር ነበረበት። አሁንም ኢንሹራንስህ ጋ ሂድ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት በር ላይ ጠብቃቸው። ይቀበሉህ ይሆናል፣ ዋጋው ግን የዛሬው ነው። ስንት ኮንቴይነር ነው?

ከቦሌ፦ ሦስት።

ካፒቴን፦ ሂድ ተኛ፣ ማልደህ ተነሳ።

ከሐዋሳ፦ ይቅርታ፣ አሁን ሆርሙዝ ተዘጋ ወይስ አልተዘጋም? ሁለት ጄሪካን ልያዝ?

ካፒቴን፦ አልተዘጋም። ጄሪካኑን ደግሞ ውሃ ሙላበት።