ሁለቱም አፕሩቫል ከአንድ ካምፓኒ ሲሆን

ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላይ ፓቹን (የኮድ ለውጡን) የጻፈውም፣ አይተው አፕሩቭ ያደረጉት (ይግባ ያሉት) ሁለቱም አንድ ካምፓኒ ውስጥ ቢሆኑ ምን ችግር አለው ላልከው፣ ኮዱ አሪፍ ሊሆን ይችላል ወንድሜ፣ ግን ሦስቱም አለቃቸው አንድ ነው፣ ሪሊዝ (አዲሱ ቨርዥን የሚወጣበት ቀን) ደርሷል ቶሎ ጨርሱ ሲባሉ ሦስቱም እኩል ነው የሚጣደፉት። ኦፕንስታክ (ኦፕን ሶርስ የክላውድ ሶፍትዌር) ላይ ጌሪት (ኮድ የሚገመገምበት ሲስተም) ውስጥ በአብዛኛው ሁለት +2 (ሙሉ አፕሩቫል) ይጠበቃል፣ አንዳንድ ቲሞች ደግሞ አንዱ ከሌላ ካምፓኒ ይሁን ይሉ ነበር። ጊትሀብ ግን አፕሩቫሉን ይቆጥርልሃል እንጂ ማን የት እንደሚሰራ የት ያውቃል፣ ስለዚህ አንዱ አፕሩቫል ከሌላ ካምፓኒ ይሁን የሚለውን ህግ ራሳችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡት። ኩበርኔትስም (ኮንቴይነር የሚያስተዳድር ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር) ፕሮጀክቱን የሚመራው ስቲሪንግ ኮሚቴ ላይ ከ7ቱ ወንበር ለአንድ ካምፓኒ ከ2 በላይ አይሰጥም። ብቻ ለሁሉም ፓች ግዴታ እንዳታደርጉት፣ አንዲት የፊደል ስህተት ለማረም የሌላ ካምፓኒ ሰው ሳምንት መጠበቅ ያቃጥላል (ደርሶብኛል)፣ ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ከኮዱ ጋር የሚገናኙበትን) የሚቀይረውና ሴኩሪቲ የሚነካው ላይ ከሆነ ይበቃል።