ያው ኢፍ አራት ቦታ ሲገኝ

ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ ልጆች፣

ለሱቅ የሽያጭ ሶፍትዌር እየሠራችሁ ነው እንበል። «ክፍያው በቴሌብር ከሆነ እንዲህ፣ በባንክ ከሆነ እንዲያ፣ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ሌላ» የሚል ኢፍ ጻፋችሁ። ያለው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ተዉት፤ ምንም አይደለም። ያው ጥያቄ ኮሚሽን ሲሰላ፣ ደረሰኝ ሲታተም፣ ገንዘብ ሲመለስና የቀኑ ሒሳብ ሲዘጋ ከተደጋገመ ግን ነገሩ ይለያል። ነገ አዲስ የክፍያ ዓይነት ሲመጣ አራቱንም ቦታ ማሰስ አለባችሁ። አንዱን ብትዘሉት ኮምፓይለሩ (ኮዳችሁን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ትንፍሽ አይልም። ስህተቱን የሚያገኘው ደንበኛው ነው፣ ያውም «ገንዘቤን መልሱልኝ» ብሎ በመጣ ቀን።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ኦሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኦስሎ ውስጥ በሠሩት ሲሙላ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ነበረ። ለእያንዳንዱ የክፍያ ዓይነት የራሱን ክላስ፣ ማለትም ኦብጀክቶቹ የሚሠሩበትን ንድፍ፣ ስጡት። ሁሉም «መልስ» (ገንዘቡን መልስ ለማለት) የሚል ሜተድ፣ ማለትም በስሙ የሚጠራ ሥራ፣ ይኑራቸው፤ የአመላለሱን ዝርዝር እያንዳንዱ ራሱ ይወቅ። ጠሪው ኮድ «መልስ» ይላል፣ በቃ። የትኛው «መልስ» እንደሚሠራ የሚለየው ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ፣ ኦብጀክቱ የየትኛው ክላስ እንደሆነ ታይቶ ነው። ጃቫ ላይ በኢንተርፌስ (ክላሶቹ የግድ ሊኖሯቸው የሚገቡ ሜተዶች ዝርዝር) ከሠራችሁት ደግሞ አዲሱ ክላስ «መልስ»ን ቢረሳ ኮምፓይለሩ አላሳልፍም ይላችኋል። እኔ ከኢንተርፌስ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። ስሞልቶክ የተባለው ቋንቋ እንዲያውም ነገሩን ጥግ አድርሶታል። እዚያ እውነትና ሐሰት ራሳቸው ኦብጀክቶች ናቸው፤ ኢፍም ለእነሱ የሚላክ መልእክት ነው። ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

አንድ ኢፍ ግን የግድ ይኖራል፦ ደንበኛው የመረጠውን አይቶ ኦብጀክቱን የሚፈጥረው። እሱ ይቀመጥ። የክፍያ ዓይነቶቹ የማይጨምሩ ሆነው የሚጨምረው ሥራው ከሆነ፣ ማለትም ዛሬ ሪፖርት፣ ነገ ኦዲት የሚባል ከሆነ፣ ክላስ ማብዛቱ ራሱ ሸክም ይሆናል። አንዲት ሜተድ ለመጨመር ሁሉንም ክላስ መክፈት ሊኖርባችሁ ነውና። ያኔ ኢፉ ይሻላል።

የቆየ ኮድ ስትቀይሩ ሁሉንም በአንዴ አትንኩ። መጀመሪያ ኮዱ አሁን የሚሰጠውን ውጤት የሚይዝ ቴስት፣ ማለትም ውጤቱ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥ ኮድ፣ ጻፉ። ከዚያ ጥሬ ገንዘቡን ብቻ ወደ ክላሱ አውጡት፣ ቴስቱን አስሂዱ፣ ኮሚት አድርጉ (ለውጡን በኮድ ታሪካችሁ ላይ መዝግቡ)። ቀጥሎ ቴሌብሩን።