«እግዚአብሔር ሊያነሣው የማይችለውን ድንጋይ መፍጠር ይችላልን?»

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስሆን በሰንበት ትምህርት ቤትም በመዝሙር ክፍል አገለግላለሁ። አንዲት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በሎጂክ ትምህርት የሰማችውን ጥያቄ አመጣችብኝ። እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ከሆነ፣ እርሱ ራሱ ሊያነሣው የማይችለውን ድንጋይ መፍጠር ይችላልን? ይችላል ብል ማንሣት አቃተው ማለት ነው፤ አይችልም ብል መፍጠር አቃተው ማለት ነው። «ሎቱ ስብሐት፣ እንዲህ አይባልም» ብዬ አፏን አስያዝኋት፤ ሐሳቡ ግን በቅዳሴ ሰዓት ሳይቀር ይመላለስብኛል። መልሱ ምንድን ነው? ይህን በልቤ ይዤ ሥጋ ወደሙን ብቀበልስ ይፈረድብኛልን?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ያስጨነቀሽን ሳትሸሽጊ ስለ ጻፍሽልን እናመሰግናለን። ለጓደኛሽ «እንዲህ አይባልም» ማለትሽ ከአክብሮት የመጣ ቢሆንም መልስ ግን አይደለም። በሉቃስ ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ ካህኑ ዘካርያስም እመቤታችንም መልአኩን ጠይቀዋል። ዘካርያስ የተነገረውን ስላላመነ አንደበቱ ተያዘ፤ እመቤታችን «ይህ እንዴት ይሆናል?» ባለች ጊዜ ግን ተግሣጽ ሳይሆን ማብራሪያ ተሰጣት። ጓደኛሽ ዛሬ የምትሟገትበት «ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለምና» የሚለው ቃል ራሱ የተነገረው ለዚያ ጥያቄ በተሰጠው መልስ ውስጥ ነው። በዚህ በጎንደርም ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የሚታወቁት የትርጓሜ ጉባኤያት ያደጉት ደቀ መዝሙሩ እየጠየቀ፣ መምህሩም «አንድም» እያለ፣ ማለትም ሌላ ትርጉም እየጨመረ፣ እያፍታታ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይመርመር።

ወጥመድ የሚመስለው «ይችላል» ወይም «አይችልም» በሚሉ ሁለት በሮች ብቻ እንድትወጪ ስለሚያደርግሽ ነው። በአንዱ በር ለመውጣት ከመቸኮልሽ በፊት ግን የተጠየቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ማየት ይገባሻል። ሁሉን ማንሣት የሚችል አምላክ አለ ብለን ከተነሣን፣ «እርሱ ሊያነሣው የማይችለው ድንጋይ» ማለት «ሁሉን ማንሣት የሚችለው ሊያነሣው የማይችለው ድንጋይ» ማለት ይሆናል። ይህ የአንድ ከባድ ድንጋይ ስም አይደለም፤ አንዱ ቃል ያቆመውን ሌላው ቃል የሚያፈርስበት ባዶ ንግግር ነው። «አራት ማዕዘን ያለው ክብ» ብንል ሰዋስዉ የተስተካከለ ይመስላል፤ የጠራነው ነገር ግን የለም፤ በፊቱ የእግዚአብሔርን ስም ስለ ጨመርንበትም ትርጉም አያገኝም። «ይህን አይፈጥርም» ስንል፣ ሊፈጠር ይችል የነበረ አንድ ነገር ከችሎታው ውጭ ቀረ ማለታችን አይደለም፤ የቀረ ነገር የለምና።

ጓደኛሽ ብልህ ከሆነች በዚህ አትረታም። «ሰው እኮ ሊያነሣው የማይችለውን ነገር ሲሠራ በየዕለቱ እናያለን፤ ታዲያ ነገሩ እንዴት ሊሆን የማይችል ይባላል?» ትልሻለች። ይህ ተቃውሞ ከመጀመሪያው ጥያቄ ይልቅ የጠነከረ ነው፤ ብዙ መልስ ሰጪዎችም ሳያዩት ያልፋሉ። እውነት ነው፤ የፋሲልን ግንብ ያነጹት ግንበኞች ድንጋዩን አንድ በአንድ በኖራ እያያያዙ አቁመውታል፤ ከቆመ በኋላ ግን ሁሉም ተባብረው አንዱን ማዕዘን እንኳ ከመሠረቱ ከፍ ሊያደርጉት ባልቻሉ ነበር። ሆኖም ማነጽ የቻሉት በጥበባቸው ሲሆን ማንሣት ያልቻሉት ጉልበታቸው ልክ ስላለው ነው። «ከዐቅሜ በላይ የሆነ ነገር ሠራሁ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ዐቅሙ ወሰን ላለው ብቻ ነው። ወሰን የሌለውን «ከወሰንህ በላይ የሆነውን ሥራልኝ» ማለት፣ አንድ ተጨማሪ ነገር እንዲችል ሳይሆን አስቀድሞ እንዲደክም መጠየቅ ነው። ስለዚህ ያው ዐረፍተ ነገር ስለ ሰው ሲነገር ትርጉም ይሰጣል፤ ስለ ሁሉን ቻይ ሲነገር ግን ራሱን ያፈርሳል።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የላቲኖች መምህር ቶማስ አኵዊናስ፣ እርስ በርሱ ስለሚጣረስ ነገር «እግዚአብሔር ሊያደርገው አይችልም» ከማለት «ነገሩ ሊደረግ አይችልም» ማለት እንደሚሻል ጽፏል። በብዙ ነገር ከእርሱ ብንለይም ይህን በሚገባ አስቀምጦታል። ተቃራኒውን የያዘም አልታጣም። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ባደረጉበት ዘመን በአውሮፓ የነበረው ፈላስፋ ደካርት፣ የሒሳብን እውነት እንኳ እግዚአብሔር በፈቃዱ ያጸናው ስለ ሆነ ሌላ አድርጎ ሊያጸናው ይችል ነበር ይል ነበር። እኔ ይህን አልከተልም፤ እግዚአብሔርን ያከበረ መስሎ ስለ እርሱ የምንናገረውን ሁሉ ትርጉም ያሳጣልና። ነገር ግን እንደ ደካርትም ቢሆን ወጥመዱ አይሠራም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት በ1964 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ ሊሆን የማይችለውን ማድረግ የሚችል አምላክ ሊያነሣው የማይችለውን ድንጋይ ይፈጥርና ያንኑ ድንጋይ ያነሣዋል። አንዱን የማይሆን ነገር የፈቀደ ሰው ሁለተኛውን የሚከለክልበት ምክንያት የለውም።

እኔን ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጥያቄው ሁሉን ቻይነትን እንደ ጡንቻ መቍጠሩ ነው። የእግዚአብሔር ኃይል ከጥበቡ፣ ከቸርነቱና ከእውነተኛነቱ ተነጥሎ ለብቻው የሚለካ ጉልበት አይደለም። ስለዚህም ነው «የሚሳነው ነገር የለም» የሚለው መጽሐፍ ራሱ በሌላ ቦታ «አይችልም» ሲል የማያፍረው። ሐዋርያው ጳውሎስ «ራሱን ሊክድ አይችልምና» ይላል (2ኛ ጢሞ. 2፥13)፤ በዕብራውያን መልእክትም እግዚአብሔር ሊዋሽ እንደማይቻል ተጽፏል (6፥18)። በአርዮስፋጎሳዊው ዲዮናስዮስ ስም በሚታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ፣ ጠንቋዩ ኤልማስ «ራሱን ሊክድ አይችልም» የሚለውን የጳውሎስን ቃል ይዞ «ሁሉን የሚችል ከሆነ ስለምን አይችልም ተባለለት?» እንዳለ ተደርጎ ተቃውሞው ቀርቧል፤ የተሰጠውም መልስ ራስን መካድ ከእውነት መውደቅ ነው፣ እግዚአብሔርም ከእውነትና ከሕልውና አይወድቅም የሚል ነው። የእኛን ውሸት ብንመረምር ይህ ግልጽ ይሆንልናል። ሰው የሚዋሸው ወይ ፈርቶ፣ ወይ አፍሮ፣ ወይም በእውነት የማያገኘውን ጥቅም ፈልጎ ነው፤ የሚፈራው፣ የሚያፍርበትና የሚጎድለው የሌለው በምን ምክንያት ይዋሻል? አውግስጢኖስም እንዲሁ እግዚአብሔር ሊሞትና ሊሳሳት ቢችል ኖሮ ኃይሉ ባነሰ ነበር ብሏል።

እዚህ ላይ ግን «ጌታችን በመስቀል ላይ አልሞተምን? ከመንገድ የተነሣ ደክሞ በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ አልተቀመጠምን?» ብለሽ መጠየቅ ይገባሻል፤ በእኔ አስተያየት ከድንጋዩ ጥያቄ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በምሥጢረ ሥጋዌ እንደምታስተምረን፣ ከሦስቱ አካላት አንዱ ወልድ ከእመቤታችን ሥጋንና ነፍስን ነሥቶ፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት በተዋሕዶ ሰው ሆነ። የተራበው፣ የደከመውና የሞተው በሥጋ ነው፤ ሆኖም የደከመው አንድ፣ ድውያንን የፈወሰው ሌላ አይደለም፤ በተዋሕዶ የሥጋ ገንዘብ፣ ማለትም የሥጋ የሆነው ሁሉ፣ ለቃል ለወልድ፣ የቃልም ገንዘብ ለሥጋ ሆኗልና። ቅድስት ነፍሱ ከቅዱስ ሥጋው በተለየች ጊዜም መለኮቱ ከነፍሱም ከሥጋውም አልተለየም። ነገሩን ለማቅለል ብለሽ «ያ ሰውዬው ነው፣ ይህ አምላኩ ነው» እያልሽ ለሁለት እንዳትከፍዪ ተጠንቀቂ፤ ንስጥሮስ የወደቀው በዚህ ነው። ሰማይና ምድርን ያጸና እርሱ፣ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ሲሸከምለት በወንጌል እናያለን። ይህ ግን ተገዶ የተሸነፈበት ሳይሆን ፈቅዶ የተቀበለው ነው። ስለ ነፍሱ ሲናገር «ላኖራት ሥልጣን አለኝ፣ ደግሞም ላነሣት ሥልጣን አለኝ» ብሏል (ዮሐ. 10፥18)፤ ሞቱን እንኳ የጠራው በሥልጣን ቃል ነው። ሁሉን የሚችል ዝቅ ማለትንም ይችላል፤ ዝቅ በማለቱ ግን የሚቀነስበት ነገር የለም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሳለሚ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የጣራውን መላእክት ይቈጥራል። አንቺ ግን ወደ መቅደሱ ከሚያስገቡት በሮች በላይ ያለውን ግድግዳ ተመልከቺ። ሥላሴ በአንድ መልክና በአንድ ክብር ከላይ፣ ስቅለቱ ከሥር ተሥለዋል። እኔ ከላይ እስከ ጻፍሁት ድረስ የደከምሁበትን ሠዓሊው በአንድ ግድግዳ ላይ ጨርሶታል።

ሥጋ ወደሙን ስለ መቀበል ለጠየቅሽው፣ ሐሳብ ወደ ልብ መምጣቱና ሐሳቡን ፈቅዶ መቀበል የተለያዩ ናቸው። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ የጮኸው አባት (ማር. 9፥24) ከነጥርጣሬው ወደ ጌታችን ቀረበ፤ ልጁም ተፈወሰለት። የአንቺ ጥያቄ ክህደት አይደለም፤ እግዚአብሔርን መፈታተንም አይደለም። መፈታተን ማለት ዲያብሎስ በመቅደስ ጫፍ ላይ እንዳደረገው «ከሆንህ ይህን አድርገህ አሳየኝ» ማለት ነው። ስለዚህ ከቍርባን አትራቂ፤ ነገር ግን ነገሩን ለንስሐ አባትሽ ንገሪና እርሳቸው እንዳዘዙሽ ተቀበዪ። በቅዳሴ መካከል ሐሳቡ ሲመጣብሽ ከእርሱ ጋር ክርክር አትግጠሚ፤ «እግዚኦ ተሣሃለነ» እያልሽ ልብሽን ወደ ጸሎቱ መልሺ፤ ክርክሩ ጊዜ አለው።

ወደ ጓደኛሽ ተመለሽና አፏን ስላስያዝሻት ይቅርታ ጠይቂያት፤ ከዚያም የግንበኛውን ነገር አንሥተሽ አብራችሁ መርምሩት። ባትቀበልሽ አትጫኛት፤ ጌታችን እንኳ ለኢየሩሳሌም «ልሰበስብ ወደድሁ፣ አልወደዳችሁምም» ሲል የሰውን ፈቃድ አላስገደደም። ሌላ ጥያቄ ካላት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጉባኤ ይዘሻት ነይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።