የእርሳስ ፒክ በአቃቂ ወንዝ ናሙና ላይ ለምን ይጠፋል? (መልስ)
በውሃ ውስጥ ያለውን እርሳስ (መርዛማውን ብረት) በስትሪፒንግ ቮልታሜትሪ፣ ማለትም ብረቱን ኤሌክትሮድ ላይ አከማችቶ ተመልሶ ሲሟሟ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ፍሰት በሚለካ ዘዴ ሲለኩ፣ በስታንዳርዱ (የእርሳስ መጠኑ በታወቀው) መፍትሔ በ−0.5 ቮልት አካባቢ ጥርት ብሎ የታየዎት የእርሳስ ፒክ (የፍሰቱ ጉብታ) በወንዙ ውሃ ላይ የጠፋው፣ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦርጋኒክ ቁስ እርሳሱን አስሮ ስለሚይዘውና የቢስሙዝ ኤሌክትሮዱን ገጽ ስለሚሸፍነው ይመስለኛል።

ናሙናውን በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ካጣሩ በኋላ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ይጨምሩበት፤ ኦርጋኒኩን በአልትራቫዮሌት ጨረር ያፍርሱና በአሲቴት በፈር (ፒኤችን በሚያረጋጋ መፍትሔ) ፒኤቹን ወደ 4.5 ይመልሱት። መጠኑን በንጹህ ውሃ ከሠሩት የካሊብሬሽን መስመር (የፒክን ቁመት ከእርሳስ መጠን ጋር ከሚያያይዘው መስመር) አያንብቡ፤ የታወቀ የእርሳስ መጠን እዚያው ናሙና ላይ ሦስት ጊዜ እየጨመሩ ያስሉት።

በዕቃዎ ንጽሕና ላይ ግን እጅግ ይጠንቀቁ። እኔ በቧንቧ ውሃ ብቻ በታጠበ ብርጭቆ ስለካ ከርሜ፣ እርሳሱ ከብርጭቆው እንደሚመጣ የገባኝ እርሳስ ያልተጨመረበት ባዶው መፍትሔ ራሱ ፒክ ሲያወጣ ነው። ዕቃዎቹን በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ዘፍዝፈው ያሳድሩ።